ያየውን ከሰማው የለየ ሰው፦ የተራሮቻችን ቀያሽ አንቷን ዳባዲ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ ዓምድ የሰሓቦችንና የዑለሞችን ታሪክ ማንበብ ለምዳችኋል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሰው ግን ሙስሊም አልነበረም፤ አገሩም አገራችን አይደለም። ሆኖም እኛ በየቀኑ የምናያቸውን የእነዚህን ደጋዎች ተራሮች በመሣሪያ ለክተው፣ በስሌት አረጋግጠው በካርታ ላይ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እርሱ ነው። ስሙ አንቷን ዳባዲ ይባላል።

ስለ እርሱ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሳችን አንድ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በቅየሳ ልምምድ ላይ ቡድናችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ ጉብታ እንዲቀይስ ተመደበ። ማዕዘኑን ለካን፣ ከፍታውን አሰላን፣ የኮንቱር መስመሩን አወጣን። ስሙን ግን ማንንም አልጠየቅንም፤ ወረቀታችን ላይ ጉብታ አንድ ብለን ጻፍን። መሣሪያውን ስናነሳ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት መጡና ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቁን። ሥዕሉን አሳየናቸው። እርሳቸውም የጉብታውን ስም ነገሩን፤ ስሙ የወጣው በስተጀርባው ከሚፈልቀው ምንጭ ነው። ምንጩ በእኛ ሥዕል ላይ አልነበረም። ስሙን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ውሃውን እናገኝ ነበር። ኢንጂነሪንግ የሚማር ሁሉ እንደሚያውቀው ከጉብታ ሥር ያለ ምንጭ ለመንገድም ለቤት መሠረትም ትልቅ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ተራራ ለክተው ስም የጻፉ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉም የዳባዲ ሕይወት ሳበኝ፤ በመልካም ሥራውም በስህተቱም ትምህርት አገኘሁበት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ትውልዱና አመጣጡ

አንቷን ዳባዲ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። እናቱ አየርላንዳዊት ናት። አባቱ ግን በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ከሚኖረው የባስክ ሕዝብ የተገኘ ነው። ባስኮች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ቋንቋቸውም ከጎረቤቶቻቸው ከማንኛውም ጋር የማይዛመድ ሕዝብ ናቸው። አንቷን ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። እርሱም ዕድሜውን ሁሉ የአባቱን ቋንቋ ሲያጠናና ሲደግፍ ኖረ። የትንሽ ሕዝብ ቋንቋ ፍቅር ያለው ሰው በሌላ አገር የሚሰማውን ስም አቃልሎ አያልፍም፤ ይህ ባሕርይው ኋላ በአገራችን ሥራው ላይ ጎልቶ ታይቷል።

በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢስ እንዲለካ ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ ሲመለስ ከልጅነቱ ሲያስበው ወደነበረው ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ፊቱን አዞረ። በ1838 መጀመሪያ አምስት ዓመት ከሚያንሰው ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደ። ዋና ፍላጎታቸው በዚያ ዘመን አውሮፓን ሁሉ ያስጨነቀውን ጥያቄ መፍታት ነበር፤ የነጭ ዓባይ ምንጭ የት ነው?

ሲመጡ አገሪቱ በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ በስም ብቻ ተቀምጦ፣ ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ ነበር። ከመሳፍንቱ ሁሉ የበላይ የነበረው እንደራሴው ራስ አሊ ዳግማዊ መቀመጫው እዚሁ ደብረ ታቦር ነበር። ራስ አሊ የወረሴህ ሥርወ መንግሥት ተወላጅ ነው፤ የዚህ የየጁ ቤተሰብ መነሻ ከሙስሊም ሼህ እንደሆነ ስሙም ታሪኩም ይመሰክራል። በ1842 ከደጃዝማች ውቤ ጋር የተደረገው ታላቅ ጦርነት የተካሄደው በዚህችው ከተማ አጠገብ ነው። ታናሽየው አርኖ ከመሳፍንቱ ጋር መዋልን፣ ፈረስንና ጦርን የሚወድ ሰው ስለነበር የዚያን ዘመን መኳንንት ኑሮ በሰፊው የጻፈው እርሱ ነው። አንቷን ግን ልቡ በመጽሐፍና በመሣሪያ ላይ ነበር።

ጎንደር እንደደረሰ አንቷን አንድ ነገር ተረዳ፤ የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ አይበቁም። ብዙ ተጓዥ በዚህ ጊዜ በግምት ይቀጥላል። እርሱ ግን ወንድሙን ትቶ ያን ሁሉ መንገድ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ የተሻለ መሣሪያ ይዞ በ1840 እንደገና መጣ። የዓይን ሕመምና የመንገድ መሰናክል ያዙትና ወደ ደጋው ለመውጣት ተጨማሪ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀበት። ከዚያ እስከ 1848 ድረስ ከምጽዋ እስከ ከፋ ያለውን አገር እየዞረ ለካ።

እንዴት ለካ?

በሰላም አገር ቅየሳ የሚጀመረው በሜዳ ላይ ሰንሰለት ዘርግቶ አንድ መስመር በጥንቃቄ በመለካት ነው። ከዚያ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ አንድ ተራራ ማዕዘን ይወሰዳል፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚገናኙበት ቦታ የተራራው ቦታ ነው። በዘመነ መሳፍንት ግን ሳምንታት ሙሉ ሜዳ ላይ ሰንሰለት የሚጎትት እንግዳ ሰው ማንም አይታገሥም። ስለዚህ ዳባዲ የራሱን ፈጣን ዘዴ አወጣ። የቆመበትን ቦታ ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋብብት ያሰላል፤ ከዚያም በቴዎዶላይቱ ዙሪያውን የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫና የከፍታ ማዕዘን አንድ በአንድ ይመዘግባል። ከዚያ ወደ ሌላ ተራራ ሄዶ ያንኑ ይደግማል። በዚህ ዓይነት በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ ቆሞ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ማዕዘኖች ሰበሰበ። ራሱ ረግጦት የማያውቀው ተራራ እንኳ ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ስለታየ ቦታው ታወቀ።

ከፍታን ለማግኘት ሌላም መንገድ ነበረው፤ ውሃ ማፍላት። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍ ስንል ግን የመፍያው ሙቀት ወደ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላችን ቶሎ የማይበስልልን በዚህ ምክንያት ነው። ዳባዲ ይህንኑ ሙቀት በስሱ ቴርሞሜትር እያነበበ ከፍታውን ያሰላ ነበር።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት አንድ ስሌት ሠርቼ ነበር። ከጉና ጫፍ እስከ ራስ ዳሽን ጫፍ በካርታ ላይ ስለካው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች በዚህ ርቀት ላይ ያለ ነገር ከተመልካቹ አግድም መስመር በታች ከ2,200 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ደግሞ ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ይመለሳል። ይህን ያላሰበ ቀያሽ ሩቅ ተራራ ሲለካ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስህተት ይሠራል ማለት ነው። ዳባዲ የምድርን ክብነትና የብርሃንን መጉበጥ ሁለቱንም አስልቶ ነበር የሚሠራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ተራራ ለክቶ በተራራው ምድርን መለካት ከዳባዲ ስምንት መቶ ዓመት በፊት በሙስሊሙ ዓለም የታወቀ ጥበብ ነበር። በ973 በኸዋሪዝም የተወለደው አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው አገር፣ በናንዳና ምሽግ አጠገብ የአንድን ተራራ ከፍታ ከሁለት ቦታ በተወሰደ ማዕዘን አገኘ። ከዚያ ጫፉ ላይ ወጥቶ አድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ለካ፤ በዚያም የምድርን ራዲየስ አሰላ። ዛሬም በክፍል ውስጥ አዚሙዝ፣ ናዲር፣ ዜኒት የምንላቸው ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። መድረሳ ያደገ ተማሪ የቅየሳ መጽሐፍ ሲከፍት ባዳ ነገር አያገኝም፤ የቤቱን ቃላት በሌላ ልብስ ያገኛቸዋል።

ስሙን ማን ነገረህ?

ወደ ስሙ ጉዳይ ልመለስ። ዳባዲ በአገራችን ተራሮችን ሲለካ በነበረበት በዚያው ዘመን፣ በ1841 ጃንዋሪ፣ ጄምስ ክላርክ ሮስ የተባለ የእንግሊዝ መርከበኛ በደቡብ ዋልታ በረዶ መካከል እሳት የሚተፋ ተራራ አየ። ኤሬቡስ ብሎ ሰየመው፤ ኤሬቡስ የመርከቡ ስም ነው። አጠገቡ ላለው ተራራ ደግሞ የሁለተኛዋን መርከብ ስም፣ ቴረርን ሰጠው። ከብዙ ዘመን በኋላም የዚያ አህጉር ረጅሙ ተራራ፣ 4,892 ሜትር የሚሆነው፣ ቪንሰን የተባለው በአንድ አሜሪካዊ የምክር ቤት አባል ስም ነው። እዚያ ይህ ማንንም አልጎዳም። በዋልታው ምድር የሚኖር ሰው ስለሌለ ስሙን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ችግሩ ሰው ባለበት አገር ይኸው ሲደረግ ነው። ከዓለም ተራሮች ሁሉ የሚበልጠውን የሂማላያ ተራራ ቲቤታውያን ቾሞሉንግማ ይሉት ነበር። በ1865 ግን የለንደኑ የጂኦግራፊ ማኅበር በቀድሞው የሕንድ ቅየሳ ኃላፊ ስም ኤቨረስት ብሎ አጸደቀው። ኤቨረስት ራሱ እንኳ ሐሳቡን አልወደደውም ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የቀያሾቹን አለቃ ስም ነው።

ዳባዲ እንዲህ አላደረገም። የተራራ ስም በአገሬው አፍ ያለው ስም ነው ብሎ ያምን ስለነበር እየጠየቀ ጻፈ። ለመጠየቅ ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል። አማርኛና ኦሮምኛ ተማረ፤ ከብዙ ሌሎች ቋንቋዎችም ቃላት ሰበሰበ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሚሉት ድምፆች በአውሮፓ ፊደል ስለማይገኙ ልዩ ምልክት እያበጀ እንደተሰማው ለመጻፍ ደከመ። እንደ አገሬው ሰው ለብሶ፣ ከነጋዴና ከተማሪ ጋር እየዋለ ነበር ይህን የሚሠራው።

ከነጋዴ ስል አብዛኛውን ጊዜ ከሙስሊም ነጋዴ ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን ከምጽዋ በዓድዋ፣ በጎንደርና በጎጃሙ የባሶ ገበያ አድርጎ እስከ እናርያ የሚዘልቀው የንግድ መስመር በብዛት በጀበርቲዎች እጅ ነበር። ከእኛው አካባቢ የደሪጣ ነጋዴዎች በዚህ መስመር ስመ ጥር ነበሩ። ጨው፣ ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ሲያመላልሱ የወንዙን መሻገሪያ፣ የተራራውን ስም፣ የገበያውን ቀን በቃላቸው ያውቁታል። ያሳዝናል፤ በዚያው መስመር ሰውም እንደ ሸቀጥ ይነዳ ነበር፤ ይህንም መደበቅ አይገባንም። ዳባዲ በ1843 ዓባይን ተሻግሮ ወደ እናርያ የሄደው ነጋዴዎቹ በሚያውቁት በዚሁ መንገድ ነው። የእናርያ ንጉሥ እስልምናን የተቀበለው አባ ባጊቦ ተቀበለው፤ የከፋን ንጉሥ እህት ለአባ ባጊቦ ለማምጣት ከሄዱት ሰርገኞች ጋርም ከፋ ድረስ ዘለቀ። ስለዚህ በፈረንሳይ በታተመው ካርታ ላይ ካሉት ስሞች በስተጀርባ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ የአገራችን ሙስሊሞች እውቀት አለ።

ከሥራው ሁሉ እኔን በጣም የገረመኝ በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። የኢትዮጵያን ጂኦግራፊ የያዘ ሲሆን፣ በርእሱ ላይ ራሱ የሰማውን እንደያዘና ቀድሞ ያወጣው ደግሞ ያየውን እንደያዘ ይገልጻል። በመሣሪያው ያየውንና የለካውን በአንድ መጽሐፍ፣ ከሰዎች አፍ የሰማውን በሌላ መጽሐፍ አስቀመጠ። አልደባለቃቸውም።

መድረሳ የተማራችሁ ይህ ነገር ምን እንደሚያስታውሳችሁ ታውቃላችሁ። ኡስታዞቻችን ሐዲስ ሲያስተምሩን መጀመሪያ የሚያስይዙን መትኑን ብቻ አይደለም፤ ኢስናዱንም ነው። ማን ከማን ሰማ? ተናጋሪው ታማኝ ነው ወይ? ሁለቱ በአንድ ዘመን ኖረዋል ወይ? ዑለሞቻችን ያለ ሰነድ የመጣ ወሬ እንዳይደባለቅ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ያው አል-ቢሩኒም ስለ ሕንድ አገር የጻፈውን ትልቅ መጽሐፉን የሚጀምረው ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው እኩል እንዳልሆኑ በማስረዳት ነው። ዳባዲ ይህን ከእነርሱ ተማረ ማለቴ አይደለም። አማናን የሚያከብር ሰው የትም ይሁን የት እዚሁ በር ላይ ይደርሳል ማለቴ ነው።

ታላቁ ስህተት

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የነበረው ሰው በሕይወቱ ዋና ጥያቄ ላይ ተሳሳተ።

በ1846 ዳባዲና ወንድሙ የጊቤ ወንዝ የሚነሳበት ጫካ ደረሱ። የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘን ብለው የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ፤ ለአውሮፓም አስታወቁ። የጊቤ ውሃ ወደ ኦሞ እንደሚገባ ዛሬ እያንዳንዱ ተማሪ ያውቃል። ኦሞ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ከነጭ ዓባይ ጋር አይገናኝም። ዳባዲ ምንጩን አይቷል፤ የምንጩን ቦታም ለክቷል። ወንዙ ወደ ታች ወርዶ የት እንደሚገባ ግን አላየም። የሰማውን ከተመኘው ጋር አጋጠመና መስመሩን በሐሳቡ ቀጠለው። ያየውን ከሰማው የሚለየው ሰው እዚህ ላይ ብቻ ምኞቱ አሸነፈው።

በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለጉዞው የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው። ጎጃምን ዞሮ ያጠናው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ግን አጥብቆ ተቃወመ። ስለ ነጭ ዓባይ የተባለው ውሸት ነው አለ፤ ከዚያም አልፎ ዳባዲ ከፋ መድረሱን ራሱ ተጠራጠረ። በንዴቱም ያው ማኅበር ለእርሱ ሰጥቶት የነበረውን ሜዳሊያ መለሰ። ዓመታት አለፉ። ስፒክ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ እንደሚወጣ አሳየ። ዳባዲ ግን በሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ጸና። በመጨረሻ የጣሊያናዊው የቦቴጎ ጉዞ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ መግባቱን ያረጋገጠው በ1896 ነው፤ ዳባዲ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው።

ታዲያ ስሙ ለምን አልወደቀም? የለካውን ሁሉ እንደለካው ስላሳተመው ነው። ከ1860 እስከ 1873 በወጣው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ በተባለ ሥራው፣ የስሌት ሊቁ ሩዶልፍ ራዶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መርምሮለት፣ ከየት ሆኖ ወደየት እንዳየና ማዕዘኑ ስንት እንደነበር በዝርዝር አወጣ። ማንም ተነስቶ ስሌቱን እንደገና መሥራት ይችላል። መደምደሚያው ሲፈርስ ልኬቶቹ አልፈረሱም። ውጤቱን ብቻ ጽፎ የመስክ ማስታወሻውን የደበቀ ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ ሌላውም ሥራው አብሮ ይጠፋል። የመስክ ደብተራችንን ቤት ገብተን አሳምረን ለምንገለብጥ ተማሪዎች ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሌላም ሳልሸሽግ የማልፈው ነገር አለ። ዳባዲ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ወደ አገራችን እንዲመጡ፣ በተለይም ወደ ኦሮሞው ምድር እንዲገቡ ብዙ የደከመ ሰው ነው። ሥራውን ስናደንቅ ዓላማውን ሁሉ እንቀበላለን ማለት አይደለም። ዲናችን ሰው ባንወደውም እንኳ በፍትሕ እንድንመሰክርለት ያዘናል፤ እኔም የሞከርኩት ይህንኑ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ዳባዲ ኢትዮጵያን አልረሳም። ከዚህ ሰብስቦ የወሰዳቸውን ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859 አሳተመ፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1881 ትልቅ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። በርእሱ ላይ አማርኛ የሚለውን ቃል ሲጽፍ ኛ የሚለው ድምፅ እንዳይጠፋ በፊደሉ ላይ ምልክት አድርጎበታል። አምሳ ዓመት ሊሆነው ሲል አግብቶ፣ በፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ በአንዳይ ከተማ አጠገብ አባድያ የተባለ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት አሠራ። በግድግዳዎቹ ላይ በብዙ ቋንቋ ምሳሌያዊ አነጋገር አስጽፏል፤ አማርኛም ከእነርሱ አንዱ ነው። ቤቱ ውስጥ የከዋክብት መመልከቻ ነበረ። ምድር በጣም በትንሹ ስታዘነብል የሚመለከትበትን መሣሪያ ደግሞ ናዲራን ብሎ ሰየመው፤ ናዲር ከሚለው፣ ከዐረብኛ ከመጣው ቃል ወስዶ።

በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዝዳንት ሆነ። ልጅ ስላልነበረው ቤቱንና ርስቱን ለአካዳሚው ተናዘዘ፤ በምላሹ በአምሳ ዓመት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ቆጥረው ቦታቸውን እንዲመዘግቡ አደራ አለ። ማርች 19 ቀን 1897 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

ለእኛ የቀረው

ዛሬ በአገራችን ካርታ ላይ ሥራ ስንሠራ አዲንዳን የሚለውን ቃል እንመርጣለን። አዲንዳን የስሌቱ መነሻ የሆነ፣ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ የሚገኝ ቦታ ስም ነው። ብዙዎቻችን ኮምፒዩተሩ ላይ እንጫነዋለን እንጂ ስም መሆኑን አናውቅም።

የረጅሙ ተራራችን ስምም እንዲሁ ነው። በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ የፈረንሳይ መኮንኖች ወጡበት፤ ከፍታው ለረጅም ዘመን 4,620 ሜትር ሲባል ቆይቶ ዛሬ 4,550 ገደማ ይባላል። ቁጥሩ ታረመ፤ መታረሙም ጥሩ ነው። ስሙ ግን ደጀን ነው ይላሉ ብዙዎች፤ ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ መከታ ነው። በባዕድ ፊደል ተጽፎ፣ በባዕድ አፍ ተነብቦ ሲመለስ ዳሽን ሆነና በባንክም በመጠጥም ላይ ለጠፍነው። እኔም ራሴ ከላይ ስሌቱን ስሠራ ዳሽን ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ትምህርት ቤት የለመድኩት እርሱን ነውና። ሜትሩ ሲሳሳት ሌላ መሣሪያ ያርመዋል። ስም ሲሳሳት ግን የሚያርመው የሚጠየቅ ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ጉብታውን የነገሩን አባት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ አላህ ያቆይልን። ልጆቻቸው ከተማ ከገቡ በኋላ ስሙን ማን ይነግረናል?

ቡድናችን ተመልሶ ሄዶ ምንጩን ቀየሰ፤ ስሙንም ጻፈ። ወረቀቱ ታርሞ ተመልሶ ስለነበር በውጤታችን ላይ የጨመረው ነገር የለም። በመስክ ደብተራችን ላይ ግን አንድ ዓምድ ጨመርን፤ ርእሱም ማን ነገረን የሚል ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለልምምድ የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ኢንሻአላህ እናንተም ይህን ዓምድ በደብተራችሁ ላይ አስምሩ። ወደ ገጠር ለዕረፍት የምትሄዱም የመንደራችሁን ተራራ፣ ምንጭና ወንዝ ስም ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ ከነነጋሪው ስም መዝግቡ። ያያችሁትን እንዳያችሁት፣ የሰማችሁትን እንደሰማችሁት ጻፉ፤ ያልደረሳችሁበትን ወንዝ ደግሞ በሐሳባችሁ አታስፈስሱት።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባወቅነውም ይጥቀመን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።